ኑግ የጠጣው ኦርጋን

የበደለኝ የክበቡ ኃላፊ ነው። የበደለኝም በንጉሡ ዘመን፣ ሃምሳዎቹ ዓመታት ሲጀምሩ፣ በዳግም ትንሣኤ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። ስሙን አልጽፍም። ረስቼው አይደለም። ልጆቹ ዛሬም ጎንደር አሉ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ጤና ይጠይቁኛል። በእናታቸው ወጥተው ነው። የእሱን ስም ከተውኩ የሌሎቹንም መተው አለብኝ፤ የራሴንም ትቻለሁ። የሚያውቀኝ ያውቀኛል።

ነገሩ ስለ አንድ ኦርጋን ነው። ኦርጋን ስል ዛሬ ልጆች በብብታቸው ሸጉጠው የሚዞሩትን ማለቴ አይደለም። የክበቡ ኦርጋን ቁም ሳጥን ያህላል። ለማንሣት አራት ወንድ ይፈልጋል፤ አምስተኛው ደግሞ ሳይነካው “ቀስ፣ ቀስ” ይላል። አምስተኛው ሁልጊዜ ኃላፊው ነበር።

እኔ የመካነ ብርሃን ልጅ ነኝ። ወደ ጎንደር ለምን እንደወረድኩ የራሴ ጉዳይ ነው። ወርጄ ፒያሳ አጠገብ ካለ አንድ ክበብ በጽዳት ገባሁ። ክበቡ ጣሊያን ጥሎት የሄደ አዳራሽ ነበረው፤ ወለሉ ሸጋ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል። ኦርጋኑን ለክበቡ ትታ የሄደችው በከተማው ታስተምር የነበረች አንዲት ፈረንጅ ናት። አገሯ ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት “አያያዙን ለአንድ ሰው ማሳየት አለብኝ” አለች። ኃላፊው የክበቡን ወንዶች ሁሉ፣ ወጥ ቤቱን ሳይቀር፣ ሰብስቦ አቆማቸው። ሴትዮዋ መሬት ላይ ተንበርክካ የኦርጋኑን ጀርባ በቁልፍ ከፍታ በካቻቪቴ ፈታች። ማስረዳት ከጀመረች ብዙም ሳይቆይ ወንዶቹ አንድ በአንድ ሥራ ትዝ አላቸው። ኃላፊው ራሱ ስልክ ሊያነሣ ሄደ። ያን ጊዜ ክበቡ ስልክ አልነበረውም።

እኔ ወለል እወለውል ነበር። ጀርባው ሲከፈት ዓይኔን የያዘው ፈትል ነው። ውስጡ ባለው የብረት ሣጥን ላይ ጠባብ ገንዳ አለ፤ ከገንዳው ቁጥር የሌለው ነጭ የጥጥ ክር ወደ ታች ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ክር አንድ ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈትል ያደግኩ ነኝና ማን እንዲህ አሳምሮ እንደፈተለው ለማየት መወልወያዬን ይዤ ጠጋ አልኩ። ሴትዮዋ ዞር ስትል የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ካቻቪቴውን ሰጠችኝ። የእሷ አማርኛ ትንሽ ነው፣ የእኔ እንግሊዝኛ ምንም፤ በእጅ ተግባባን።

እስከ ዛሬ ሰው ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም እንጂ ነገሩ ከባድ አይደለም። በብረቱ ሣጥን ውስጥ የስኒ አፍ የሚያህሉ ትንንሽ የብረት ጎማዎች አሉ። ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ነው፤ የአንዱ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ የሌላው ደቀቅ ደቀቅ ያለ። በየጎማው ፊት ፀጉር በሚያህል ሽቦ የተጠቀለለ ማግኔት ቆሟል። አንድ ሞተር ጎማዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ያዞራቸዋል። መጋዙ በማግኔቱ ፊት ባለፈ ቁጥር በሽቦው ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ይንቀጠቀጣል፤ ያ መንቀጥቀጥ ነው ድምፁ። ሰፊው መጋዝ ወፍራም ድምፅ፣ ደቃቁ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ፊት ለፊት ያሉትን ነጭና ጥቁር ጥርሶች በጣት ስትጫን ድምፅ እየፈጠርክ አይደለም። ድምፁ ድሮም ውስጥ እየዞረ ነው፤ በር ትከፍትለታለህ እንጂ። ከዚያ ሬዲዮ ውስጥ እንዳሉት ባሉ የመስታወት አምፖሎች አልፎ፣ እዚያ ሞቆና ጎልብቶ፣ ጎን ከተቀመጠው የድምፅ ሣጥን ይወጣል። ከሥር ያለው በእግር የሚረገጥ ሳንቃ ድምፁን ያጎላዋል፣ ያዳፍነዋል።

ፈትሉ ደግሞ ዘይት አጠጪ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከስፌት መኪና ዘይት የቀጠነ ዘይት ገንዳው ውስጥ ይጨመራል። የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚጠጣ ፈትሉ ዘይቱን ጠጥቶ ጎማዎቹ የሚዞሩበትን ዘንግ አንድ በአንድ ያርሰዋል። ኩራዝ ያየ ሰው ይህን ለማወቅ አስኮላ መግባት የለበትም። ሴትዮዋ አንድ ቆርቆሮ ዘይትና የጀርባውን ቁልፍ ትታልኝ ሄደች። በጣቷ አሳይታኛለች፤ ይህን ያህል፣ በዓመት አንዴ፣ ከዚህ አይለፍ።

አነሣሡ ደግሞ እንዲህ ነው። ሁለት ማብሪያዎች አሉት። የመጀመሪያውን ተጭነህ ትቆያለህ፤ ጎማዎቹ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ይፈጥናሉ። ከዚያ እሱን ሳትለቅ ሁለተኛውን ትጫናለህ፤ ትንሽ ቆይተህ የመጀመሪያውን ትለቃለህ። ቸኩለህ ከለቀቅከው ያቃስትና ይቆማል። ሴትዮዋ በሰዓቷ ነበር የምትቆጥረው። እኔ ሰዓት የለኝም፤ አቡነ ዘበሰማያት አለኝ። አንዱን ይዤ “ወይኩን ፈቃድከ” እስክል፣ ሁለቱንም ይዤ “ሲሳየነ” እስክል። አንድ ቀን ስቶብኝ አያውቅም።

ኦርጋኑን የሚጫወተው ከጦር ሠራዊት ሙዚቃ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። አነሣሡን ከእኔ ተማረ፤ ጸሎቱንም ጭምር። እንግዶች “ይህ ሰው ሳይጸልይ አይጫወትም” እያሉ ያደንቁት ነበር። እኔ ማን እንዳስተማረው ሲናገር አልሰማሁም።

ከተረፈው ጥቂቱን ልናገር። በሳምንት አንድ ቀን መዞር አለበት፣ አለዚያ ዘይቱ ይተኛል። አቧራው በደረቅ ብሩሽ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ አይጠረግም። ጥርሶቹ ሲነኩ ከተንጫጩ ላያቸው ላይ ያሉትን ትንንሽ መሳቢያዎች ደጋግሞ መሳብና መግፋት ነው፤ ዝገቱ ይላጥላቸዋል። የጠጅ ብርሌ ላዩ ላይ አይቀመጥም። ይህን የመጨረሻውን ኃላፊው ሊማር አልቻለም።

አመሻሽ ላይ ኦርጋኑ ዜማው ይወርድ ነበር። የከተማው መብራት በአንድ ትልቅ የናፍጣ ሞተር ነው የሚሠራው፤ ሁሉም ሰው አምፖሉን ሲያበራና ወፍጮዎቹ ሳይቆሙ ሲቀሩ ሞተሩ ይደክመዋል። የኦርጋኑ ሞተር ደግሞ የከተማውን ሞተር እርምጃ ነው የሚከተለው። እንዝርት ሲዘገይ ድምፁ እንደሚወፍር ማለት ነው። ተጫዋቹ ግን ላብ እያጠመቀው፣

“እመቤት፣ ዛሬም ወረደብኝ” ይለኛል። ሲቀልድብኝ እመቤት ነበር የሚለኝ።

“አንተ ላይ አይደለም የወረደው፤ ጎንደር ላይ ነው። አምፖሉን እየው፣ ቀልቷል።”

“ታዲያ ዘፋኙ እኔን ነው የሚገላምጠኝ።”

“ወፍጮው እስኪቆም ማሲንቆ አስቀድሙ። ማሲንቆ ክሩን አላልቶ ይከተላል።”

እንደዚያ አደረጉ፤ ሆነም። ኃላፊው ጉዳዩን ሰምቶ ያወጣው መፍትሔ ሌላ ነበር። ተጫዋቹን ጠርቶ “ከፍ አድርገህ ተጫወት” ብሎ በጽሑፍ አዘዘው።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ኦርጋኑን ዞሮ አየና “ይህን የመሰለ ዕቃ እዚህ ሳይበላሽ የሚይዘው ማን ነው?” አለ። ተጫዋቹ ሳያስበው ወደ እኔ ጠቆመ። እንግዳው መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ እጄ ሣሙና ነበረበት። ኃላፊው አጠገቡ ቆሞ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ስመለከት ከእንግዲህ እንደማይተኛልኝ አወቅኩ።

ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ክበቡ ዘፈን አያሰማም፤ የግቢው አጥር ከቤተ ክርስቲያን አጥር ጋር የተያያዘ ነው፣ ደግሞም ጎንደር ነው። ኦርጋኑ ግን መዞር አለበት። እኔም እንደየዓመቱ የድምፅ ሣጥኑን ነቅዬ፣ ሳንቃውን ዘግቼ፣ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት አዞረው ነበር። ዕምም ከማለት በቀር ድምፅ የለውም። ዘይት የሚጨመርበት ጊዜም ደርሶ ስለነበር ቆርቆሮውን አውጥቼ ገንዳው ውስጥ ስጨምር ዘበኛው በበሩ ብቅ አለ። ሰባቱንም አጽዋማት የሚጾም፣ ከዚያም በላይ የሰውን ጾም የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው።

“ምነው ልጄ፣ በሁዳዴ?”

“ዘይት እያጠጣሁት ነው፣ አያ።”

“የምን ዘይት ነው?”

“የማሽን።”

“ማሽን እኮ አይጨመቅም። ከምን የወጣ ነው?”

“እኔ አላውቅም፣ አያ። ፈረንጅ ናት የሰጠችኝ።”

“ከዓሣ ይሁን ከአሳማ አታውቂም ማለት ነው።”

“ኦርጋን ይጾማል እንዴ፣ አያ?”

“እሱ ባይጾም የሚሰማው ይጾማል። በእንጨት የገባ በጆሮ ይወጣል።”

እኔ ሳቅሁ። መሳቄ ጥፋት ነበር። ዘበኛው ለኃላፊው ነገረ፤ ኃላፊው ይህን ቀን ሲጠብቅ ነበር። ቢሮው አስጠራኝ። ከቀበቶው ላይ የሚያንጠለጥላቸው ቁልፎች ብዙ ነበሩ፤ ከዚያ ሁሉ የሚጎድለው የኦርጋኑ ጀርባ ቁልፍ ብቻ ነበር። እሱ በእኔ አንገት ላይ፣ ከማተቤ ጋር ነው ያለው።

“ቁልፉን አምጪ” አለ።

“ለማን ሊሰጡት ነው?”

“ለባለሙያ።”

ባለሙያው የሚስቱ ወንድም ነው፤ እዚያው ቆሟል። አሥመራ ሬዲዮ ጥገና ተምሮ መጥቷል፤ ስንት ወር እንደተማረ የሚያውቅ የለም። ነጭ ካፖርት ነበረው፤ ካፖርቱ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል። ቁልፉን ፈትቼ ለኃላፊው ሰጠሁ። ማተቤ እንዳይበጠስ በጥንቃቄ ነው የፈታሁት።

“ረቡዕ ረቡዕ ይዙር” አልኩት።

“በሁዳዴ አይዞርም። ሰው ምን ይለናል?”

“ዘይቱ...”

ባለሙያው በመካከል ገባና “የጾም ዘይት እናደርግለታለን” አለ። “ኑግ አለ።”

“ኑግ ይደርቃል” አልኩ። “የኑግ ጠርሙስ አፍ ላይ የሚጋገረውን አላየህም? ሙጫ ነው የሚሆነው።”

“ዘይት ዘይት ነው፣ እቴ። የሚለየው ምኑ ነው?”

የእኔን ዘይት ከገንዳው በጨርቅ መጥጦ አወጣ። ጨርቁን አይቻለሁ፤ የእኔው የወለል ጨርቅ ነበር። ኑጉን ጨመረ፣ እስከ አፉ ሞላው፣ ጀርባውን ዘጋ። ከዚያ እስከ ዳግም ትንሣኤ ድረስ ማንም አልነካውም። ኦርጋኑ እንደ ሰው ሁሉ በደንብ ጾመ።

ያን እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ሹም መጥቷል፣ የከተማው ነጋዴ መጥቷል፣ ሴቶቹ አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል። ከለበሱት ጥበብ የሚበዛው በእኔ ፈትል የተሠራ ነበር። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ኋላ የሚመጣው ነገር እንዲገባችሁ ነው። የክበቡ ደመወዝ ለቤት ኪራይ ነበር፤ የምኖረው በፈትሌ ነው። የጎንደር ሸማኔ ቀጭን ማግ ሲፈልግ ወደ እኔ ነበር የሚልከው።

ኃላፊው ስለ ዘመናዊ ሙዚቃ ንግግር አደረገና “ባለሙያችን ያስነሣዋል” አለ። ባለሙያው ካፖርቱን አስተካክሎ ሁለቱንም ማብሪያ በአንድ ጊዜ ተጫነ። ኦርጋኑ ረግረግ የገባች ላም እንደምታቃስተው አቃሰተ። እንደገና ተጫነ። እንደገና አቃሰተ፤ የተቃጠለ የኑግ ሽታ ወጣ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ወይዘሮ “ወጥ ቤት በዚህ በኩል ነው እንዴ?” ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች።

ሹሙ ሰዓቱን አየ። ኃላፊው ሹሙን አየ። ከዚያ በበሩ ትሪ ይዤ የቆምኩትን እኔን አየኝ።

“ምን አድርገሽው ነው?”

“ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው፣ ጌታዬ።”

ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያስቆጣው። “ክፈተው” አለው ባለሙያውን፤ በሰው ሁሉ ፊት ጀርባው ተከፈተ። ባለሙያው እጁን ሰደደና በኑግ ቢጫ የሆነ አንድ ክር ስቦ አወጣ። ክሩ መካከሉ ላይ ቋጠሮ አለው። ባለፈው ዓመት ተበጥሶ የቀጠልኩት ነው፤ ቋጠሮውም የእኔ ነው፣ ፈትሉም።

“ይህ ምንድን ነው?” አለ ባለሙያው። እውነቱን ልናገር፣ ሲጠይቅ ተንኮል አልነበረበትም። አያውቅም። ሬዲዮ ውስጥ ክር የለም።

ጎንደር ውስጥ የተቋጠረ ክር ከተደበቀበት ሲወጣ ሰው ምን እንደሚያስብ ለጎንደር ሰው አልነግርም። ያቺ ወይዘሮ አማተበች።

ኃላፊው ክሩን ተቀብሎ ወደ ላይ አነሣው። “ይህን ያሠርሽው አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ። ዘይት የሚያጠጣ ክር ነው።”

“ከየትኛው ደብተራ ነው ያስደገምሽው?”

“ከማንም። ተበጥሶ ቀጠልኩት።”

ከኋላ ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። “እኔስ ስታነበንብበት ሰምቻለሁ” አለ። “ሁልጊዜ ሳታነበንብ አታስነሣውም።”

“አቡነ ዘበሰማያት ነው ያልኩት፣ አያ።”

“ለእንጨት?”

“ስቆጥር ነው።”

“ጸሎት ይቆጠርበታል እንዴ?” አለ አንድ ነጋዴ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

ተጫዋቹ ኦርጋኑ ፊት ተቀምጧል። ስንት ጊዜ ዘይት ስጨምር አይቷል፤ ያንኑ ጸሎት ከእኔ ተምሮ ስንት ጊዜ አስነሥቷል። አየሁት። ጆሮውን አከከ። በኋላ “ምን ላድርግ፣ ልጆች አሉኝ” ብሎ ላከብኝ። ልጅ ያለው ሁሉ አፉ ከተዘጋ በዚህ አገር የሚናገረው መነኩሴ ብቻ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ኃላፊው “ንቀለው” አለ፤ ባለሙያውም ዶሮ እንደሚነጭ ሰው ፈትሉን በጭብጥ በጭብጥ መንቀል ጀመረ። “አትንቀለው፣ የሚያጠጣው እሱ ነው” አልኩ። የሰማኝ የለም። ክምሩን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልለው ግቢ ውስጥ አቃጠሉት። ዘበኛው ጠበል ረጨበት። እኔ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። በሩን ስዘጋ ማሲንቆ ተጀምሮ ነበር።

ከሥራ መባረሬን አልቆጥረውም። ወለል የትም አለ። የከፋው በሳምንቱ ነው የመጣው። ቦኖ ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን ከእንስራዬ አራቁ። ከዚያ ሸማኔው መጣ፤ በር ላይ ቆሞ፣ ሳይገባ፣ የሰጠሁትን ማግ መለሰልኝ።

“ምን ጎደለው?” አልኩ።

“ምንም አልጎደለው፤ ሸጋ ፈትል ነው። ግን የሙሽራ ቀሚስ ነበር። እናትየዋ ሰምታለች።”

“አንተስ ታምናለህ?”

“እኔ ምን አገባኝ፣ እቴ። የምለብሰው እኔ አይደለሁ።”

እንዲህ ሆነ። በጎንደር ከተማ ከእኔ ፈትል የሚገዛ ጠፋ። ፈትሌን ለደባርቅና ለዳባት ገበያ፣ ወሬው ላልደረሳቸው፣ በሰው እየላክሁ ኖርኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ዘበኛው ቤቴ መጣ። ኃላፊው ነው የላከው። ባለሙያው አሥመራ ተመልሷል፣ ኦርጋኑ አሁንም አይነሣም፣ አዲስ አበባ ቢጽፉ መልስ የለም።

“ነይና እይልን ይላል” አለኝ። “እሱ እንኳ ራሱ መምጣት አፍሮ ነው።”

“አያ፣ ያን ቀን በሰው ፊት ነው የተባለው። በሰው ፊት ‘የዘይት ክር ነው’ ይበልና እመጣለሁ። ከዚህ ሌላ አንዳች አልፈልግም።”

“እሱን እንኳ አይልም።”

“እንግዲያ ኑግ ያጠጡት።”

“እኔም ተናግሬብሻለሁ” አለ ሽማግሌው፣ ወደ መሬት እያየ። “የጾሙ ነገር ይዞኝ ነው።” ተቀብያለሁም አላልኩ፣ አልተቀበልኩም አላልኩ። አጃ ቂጣ ነበረኝ፤ ቆርሼ ሰጠሁት። ረቡዕ ስለነበር ቅቤ እንዳልነካው ነገርኩት።

ዓመታት አለፉ። ክበቡ አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሊሸጥ ነው ተባለ፤ ሄድኩ። ወንበሮቹ ተሸጡ፣ ምንጣፉ ተሸጠ፣ እጀታ የሌለው ሸክላ ማጫወቻ እንኳ ሁለት ሰው ተሻማበት። ከዚያ ኦርጋኑ ደረሰ። ኃላፊው ራሱ ነበር የሚጠራው። ማንም እጁን አላነሣም። እኔ አነሣሁ፤ ከማገዶ ዋጋ ብዙም ያልራቀ ጠራሁ።

“ሌላ?” አለ። የለም። “ሌላ?” አለ። ሰዉ ወደ ኦርጋኑ እያየ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ኃላፊው በጣም ተናደደ፤ ለእኔ መስጠት አልፈለገም፤ ተጫራች ለማግኘት ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው።

“እናንተ ሰዎች፣ ዕቃው ደህና ነው” አለ። “ምንም የለበትም።”

“ያ ክርስ?” አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

“ክሩማ...” አለ።

ቆመ። እኔም እጄን እንዳነሣሁ ቆሜ ጠበቅኩ። ያን ጊዜ ቢጨርሰው ኖሮ እጄን አወርደው ነበር፤ ኦርጋኑንም ለሌላ እተውለት ነበር፤ ይህንንም ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። ሦስት ቃል ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አንገቱ ላይ ያለው ደም ሥር ተነሥቶ “ሦስተኛ” አለና ጠረጴዛውን መታ።

አራት ተሸካሚ ያዝኩ። “ቀስ፣ ቀስ” የሚለው አምስተኛው እኔ ነበርኩ።

ኑጉ በየዘንጉ ላይ ደርቆ ቅርፊት ሆኗል። ላምባ ገንዳው ውስጥ ጨመርኩ፣ አሳደርኩ፣ አስወጣሁ፣ እንደገና ጨመርኩ። ጎማዎቹን በጣቴ ትንሽ ትንሽ እያልኩ አላቀቅኳቸው። የፍልሰታን ጾም ሙሉ ክር ስፈትል ሰነበትኩ፤ በሕይወቴ ከፈተልኩት ሁሉ ያ ይበልጣል። በየቀዳዳው በመርፌ እያስገባሁ ከመስቀል በፊት ጨረስኩ። ሴትዮዋ የሰጠችኝ ቆርቆሮ አልጋዬ ሥር ነበር፤ ክበቡን ስለቅ የወሰድኩት እሱን ብቻ ነው። ዘይቱን ጨመርኩና ፈትሉ እስኪጠጣ ሦስት ቀን ተውኩት። ከዚያ የመጀመሪያውን ማብሪያ ተጭኜ “አቡነ ዘበሰማያት” አልኩ። “ሲሳየነ” ላይ ስለቅቀው ዞረ።

ኃላፊው በዚያን ጊዜ ቁስቋም አካባቢ ቤት ሠርቶ ነበር። ወደዚያ መንደር መብራት ያስገባው እሱ ነው፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ከቤቱ ትይዩ ያለው ቤት ሲለቀቅ ተከራይቼ ኦርጋኑን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩ።

እኔ መጫወት አላውቅም። ሴትዮዋ ያሳየችኝ ዘይቱን እንጂ ዘፈኑን አይደለም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አስነሥቼ፣ መሐል ላይ ካሉት ነጭ ጥርሶች አንዱን በክብሪት እንጨት ወትፌ፣ መስኮቱን ከፍቼ እፈትላለሁ። አንዲት ድምፅ ናት፣ ከፍ አትል፣ ዝቅ አትል። አመሻሽ ላይ ብቻ፣ ከተማው መብራት ሲያበራ፣ ትንሽ ትወርዳለች።

በሁለተኛው ወር ኃላፊው አጥሩ ጋ መጣ።

“ምንድን ነው የምትሠሪው?”

“ዘይቱ እንዳይተኛ እያዞርኩት ነው።”

“ሌላ ዜማ አታውቂም?”

“ማን አስተማረኝ፣ ጌታዬ?”

“እስከ መቼ ነው?”

“ያን ቀን የነበሩትን ሰዎች ጠርተው የክሩን ነገር እስኪነግሯቸው።”

ተመልሶ ገባ። በሌላ ቀን ሚስቱ መጣች፤ ደግ ሴት ናት። “የዘይት ክር እንደሆነ ወንድሜ ኋላ ጽፎልኛል፤ እኔ አውቃለሁ” አለችኝ በቀስታ። “አንቺ ስላወቅሽ እግዜር ይስጥልኝ” አልኳት፤ “የሚነገረው ግን ለአንቺም ለእኔም አይደለም።” እሷ በመጣችባቸው ቀናት መስኮቱን እዘጋ ነበር።

በጾም አላሰማሁም። በሁዳዴ ሳንቃውን ዘግቼ፣ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ብቻ አዞርኩት።

በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ኃላፊው ቤቱን ሸጦ ወደ አዘዞ ወረደ። ዕቃውን የጫነ መኪና ጥግ እስኪያዞር በመስኮት አየሁ። ከዚያ የክብሪት እንጨቱን ነቀልኩ፣ ኦርጋኑን አጠፋሁ፣ ጀርባውን ፈትቼ ዘይት ጨመርኩ። ዓመቱ ደርሶ ነበር።